የቤት ሰርቨር ለፎቶ፣ ለቪዲዮና ለፊልም፦ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ምን ልገንባ?

የቤት_ማኅደር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ አዲስ አበባ ያለ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰርቨሩ ሦስት ነገር እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ አንድ ቦታ ማስቀመጥ፤ አሁን በኤክስተርናል ዲስኮችና በየስልኩ ተበታትኖ 3 ቴራባይት ገደማ አለ፣ አብዛኛው የሠርግ ቪዲዮና ከቪኤችኤስ የተገለበጠ ካሴት ነው። ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን፣ በሁለት ስልክና በአንድ ታብሌት ፊልም ማሳየት። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴም እዚያ ሆና ፎቶ እንድታይና እንድትጨምር።

ኢንተርኔቱ ፋይበር ነው። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ብሎ ነው የሚረጋው። ሊኑክስ እችላለሁ። ካየኋቸው አማራጮች፦ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (በኔትወርክ የሚያገለግል የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን)፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ወይም አሮጌ ራክ ሰርቨር (የዳታ ሴንተር መደርደሪያ ላይ የሚገባው)። የትኛው ፕሮሰሰር ይበቃኛል?

ባለ_ሽቦው፦

እህቴ፣ ከፕሮሰሰሩ አትጀምሪ። ከጻፍሽው ውስጥ ግንባታውን የሚወስነው ያ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ነው። አንዴ ሄዶ የሚቀር መብራት ዲስክን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሄዶ ወዲያው የሚመለሰው፣ ተመልሶም የሚሄደው ነው። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ ፍጥነቱን ሳይዝ ሲቋረጥበት ጭንቅላቱ በድንገት ወደ ማረፊያው ይወረወራል። ይሄ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚይዘው፣ ስማርት በሚባለው መዝገብ ላይ ቁጥር 192 ሆኖ ይቆጠራል። አሁን በእጅሽ ያሉትን ዲስኮች ብታዪ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሻል።

ስለዚህ በጀቱን በዚህ ቅደም ተከተል መድቢ፦ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው)፣ ለሁለተኛ ቅጂ የሚሆን ዲስክ፣ ዋናዎቹ ዲስኮች፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ። ብዙ ሰው ገልብጦ ይጀምርና ገንዘቡ ዩፒኤሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ስታብላይዘር ብቻውን አይበቃም። ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ምንም አይዝም። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን ዩፒኤስ ፈልጊ፤ ቮልቴጁ ከ220 ከፍ ዝቅ ሲል ባትሪውን ሳይነካ ራሱ ያስተካክላል፣ ባትሪውም ይቆይልሻል። ዕቃው ላይ 650 ቪኤ ስላለ 650 ዋት እንዳይመስልሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው። ውስጡ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፣ በስሌት 84 ዋት ሰዓት። በተግባር ግማሹን ከሰጠ ጥሩ ነው። ሰርቨሩ 40፣ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን አንድ ላይ 15 ዋት ቢበሉ፣ ባትሪው አዲስ እያለ 45 ደቂቃ ገደማ ይዛል ማለት ነው። ይሄ ፊልም ለመጨረስ አይደለም፤ ብልጭታውን ለማሳለፍና ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ነው። ባትሪውን በየሦስት ዓመቱ ለመቀየር አስቢ።

ስትገዢ ጀርባው ላይ የዩኤስቢ ወደብ መኖሩን እዪ። ያ ከሌለ ሰርቨሩ መብራት መሄዱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካለ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነሽ፣ ባትሪው 50 በመቶ ሲደርስ ይዘጋ ብለሽ ታዢዋለሽ። ዝቅ ብሎ 20 እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ያረጀ ባትሪ ከ40 ወደ ዜሮ በአንዴ ይወርዳል።

ጋሼ_ፋይበር፦

ልጄ፣ ባለ ሽቦው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ገበያ ላይ ያለው ዩፒኤስ ብዙው ዩኤስቢ የለውም፣ ስለዚህ ያለ ዩኤስቢ የሚሠራበትን መንገድ ልንገርሽ።

አንድ አሮጌ ራውተር ዩፒኤሱ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኪ። ከዋናው ራውተር ጋር በኬብል አገናኚው፤ ቋሚ አድራሻም ስጪው፣ ለምሳሌ 192.168.1.250። ዋናው ራውተር ግን ዩፒኤሱ ላይ ይሁን። ሰርቨሩ በየ30 ሰከንዱ ሁለቱንም ፒንግ ያድርግ፣ ማለትም አለህ ወይ ብሎ በኔትወርክ ይጠይቅ። ዋናው እየመለሰ አሮጌው ብቻ በተከታታይ 10 ጊዜ ዝም ካለ፣ መብራት ከሄደ አምስት ደቂቃ ሆኖታል፤ ሰርቨሩ ራሱን ይዝጋ። ሁለቱም አንድ ላይ ዝም ካሉ የኬብል ወይም የዋናው ራውተር ችግር ነው፤ ያኔ መዝጋት የለበትም። ይህን ልዩነት ያላስገባ ስክሪፕት ኬብል በተነቀለ ቁጥር ሰርቨር ያጠፋል።

ሌላው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ተነሳ የሚለውን ሁሉም ያበራዋል። ነገር ግን ሰርቨሩ በሥርዓት ከተዘጋ በኋላ የዩፒኤሱ ባትሪ ሳያልቅ መብራት ቢመጣ፣ ሰርቨሩ መብራት ሄዶ መመለሱን ጨርሶ አያውቅም፤ ሲሰጠው የነበረው ኃይል አልተቋረጠማ። እንደተዘጋ ይቀራል። ዩኤስቢ ያለው ዩፒኤስ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ ዩፒኤሱ መውጫውን እንዲቆርጥ በፕሮግራሙ ይታዘዛል። ከሌለው ያው አሮጌ ራውተር ይጠቅማል፦ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለውን ነፃ የራውተር ሲስተም የሚቀበል ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ እሱም ይነሳል፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ የዌክ ኦን ላን ምልክት (የተዘጋ ኮምፒውተርን በኔትወርክ የሚቀሰቅሰውን) ለሰርቨሩ ይልካል። የእሱ መነሳት ራሱ መብራት መምጣቱን ይናገራልና። የቢሮ ኮምፒውተሮች ባዮስ ውስጥ ደግሞ ከተዘጉ በኋላ ኔትወርክ ካርዱን ጭምር የሚያጠፋ የኃይል ቁጠባ አለ፤ ኤችፒ ላይ ኤስ5 ማክሲመም ፓወር ሴቪንግስ፣ ዴል ላይ ዲፕ ስሊፕ ይባላል። እሱን ካላጠፋሽው ምልክቱ አይደርሰውም።

የቤት_ማኅደር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የመነሳቱን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ዩኤስቢ ያለው ካገኘሁ እሱን፣ ካጣሁ እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ። አሁን ዲስኩን ንገሩኝ። 4 ቴራ ሁለት ቢሆን ለ3 ቴራ አይበቃም?

ዲስክ_መርማሪ፦

ዛሬ ይበቃል፣ ግን ሳይቆይ ይሞላል። የሚጨመረውን አስዪው። ስልክ በ4ኬ 30 ፍሬም፣ ኤችኢቪሲ በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በሰዓት 10 ጊጋባይት። የሠርግ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከቀረጸ በሰዓት 45 ጊጋባይት። ከሚኒ ዲቪ ካሴት በቀጥታ የተገለበጠ ቪዲዮ በሰዓት 13 ጊጋባይት። ቪዲዮ አንሺው ያልተቆረጠውን ጥሬ ቪዲዮ ቢሰጥሽ አንድ ሠርግ ብቻውን ግማሽ ቴራ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ባለ 8 ቴራ ግዢና እርስ በርስ ኮፒ ሆነው እንዲሠሩ አድርጊ። ሲስተሙ 7.27 ብሎ ቢያሳይሽ አትደንግጪ፤ አምራቹ በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ከዚያም 80 በመቶ ሲሞላ ሌላ ማሰብ ጀምሪ።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ዲስኮች ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። ሲኤምአር የሚባለው ትራኮቹ ጎን ለጎን ናቸው። ኤስኤምአር ላይ ግን እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበዋል፤ አንዱን ለማስተካከል የተደረቡበትን አብሮ መጻፍ ግድ ይላል። ለኤክስተርናል ዲስክ ችግር የለውም። ሰርቨር ላይ ግን አንድ ዲስክ ተበላሽቶ አዲሱ ሲተካ፣ ሳያቋርጥ ብዙ ሰዓት ስለሚጻፍበት ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ሲስተሙ ተበላሽቷል ብሎ ያስወጣዋል። ዌስተርን ዲጂታል ከ2 እስከ 6 ቴራ ባሉት ሬድ ዲስኮች ኤስኤምአር መጠቀሙ በ2020 ከታወቀ በኋላ ስሞቹን ለይቷል፦ ሬድ ፕላስና ሬድ ፕሮ ሲኤምአር ናቸው፣ ከፕላስ ያነሰው ተራ ሬድ ግን ኤስኤምአር ነው። ከሲጌት አይረንዎልፍ ሲኤምአር ነው። ባራኩዳ የሚባለው ባለ 8 ቴራ ኤስኤምአር ነው፤ ገበያ ላይ ርካሽ 8 ቴራ ካየሽ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሻጩን ዓይነቱን አትጠይቂው፣ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንሺና ከአምራቹ ሰነድ አመሳክሪ።

ያገለገለ ዲስክ ከሆነ፣ የሠራበት ሰዓት በስማርት መዝገብ ቁጥር 9 ላይ አለ። ይሄ ግን ሊጠፋ ይችላል። በ2025 መጀመሪያ ያገለገሉ የሲጌት ኤክሶስ ዲስኮች ሰዓታቸው ዜሮ ተደርጎ እንደ አዲስ ሲሸጡ አውሮፓ ውስጥ ተደርሶባቸዋል። የተጋለጡት ፋርም በሚባለው ሌላ መዝገብ ነው፣ እሱ አብሮ አልተደመሰሰም ነበርና። ስማርት ሞን ቱልስ የሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ከ7.4 ጀምሮ ይህን መዝገብ ያነባል። በሁለቱ መዝገቦች ያለው ሰዓት ካልተቀራረበ ዲስኩን መልሺ።

አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ፋይል ከመግባቱ በፊት ይፈተን። መጀመሪያ የስማርቱ ረጅም ፈተና፣ ለ8 ቴራ ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቀጥሎ ባድብሎክስ የሚባለው ፕሮግራም በሚጽፈው ዓይነት፤ አራት ዓይነት ጽሑፍ እየጻፈ እያንዳንዱን መልሶ ያነባል፣ 8 ቴራ ላይ አምስት ቀን ገደማ ነው። ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚደመስስ ፋይል ያለበት ላይ እንዳትሞክሪው። ሲያበቃ በስማርት መዝገቡ 5፣ 197 እና 198 (የተበላሹ ቦታዎች ቁጥር) ዜሮ መሆን አለባቸው። ከፍ ያለው 199 ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የሳታ ኬብሉ (ዲስኩን ከቦርዱ የሚያገናኘው) ነው፣ ኬብል ቀይሪ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዲስኮቹ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሚፈቀድላቸው ለሥራቸው ችግር የለም። አየሩ ግን ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ዲስኮቹ ፊት ለፊት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ግጠሚ፣ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይሄዱ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ለሚገነባ ሰው ይሄ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

መገናኛ_ሃርድዌር፦

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ።

ራክ ሰርቨሩን ተዪው። ሥራ ፈትቶ ከ100 ዋት በላይ ይበላል፣ ያ በወር ከ72 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ነው። ባትሪው ቶሎ ያልቅበታል፣ ጩኸቱም ኮንዶሚኒየም ውስጥ አያስተኛም። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ናስ ለማይነካካ ሰው ጥሩ ነው፤ ሊኑክስ ከቻልሽ ግን በዚያው ገንዘብ የተሻለ ታገኛለሽ።

ስላይትሊ ዩዝድ ከሚሸጡት ውስጥ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ፈልጊ፣ አይ5-8500 ያለበትን። ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም920፣ ከሦስቱ ያገኘሽውን። ሳጥኑ ታወር ይሁን። ሚኒ የሚባለው ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ አይገባበትም፣ መካከለኛው ደግሞ እንደ ሞዴሉ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ፕሮሰሰር ውስጡ ያለው ዩኤችዲ 630 ግራፊክስ የቪዲዮ ዓይነቶቹን ኤች264ንና ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲን በሃርድዌር ይፈታል፣ መልሶም ይጽፋል። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግሽም። የማይችለው ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን የቪዲዮ ዓይነት ነው። በስሙ መጨረሻ ኤፍ ያለበትን፣ ለምሳሌ አይ5-9400ኤፍ፣ አትግዢ፤ ግራፊክሱ የለውም።

ኤን100 የሚባለው አዲሱ ትንሽ ፕሮሰሰር ኤቪ1 ይፈታል፣ ዋቱም በጣም ትንሽ ነው። ሚኒ ሳጥን ሆኖ ሲመጣ ግን ዲስክ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ሰው በዩኤስቢ ዶክ ይቀጥልበታል። ሚሊዮን ፎቶ የሚቀመጥበት ዲስክ በዩኤስቢ ባይንጠለጠል እመርጣለሁ። የዶኩ ቺፕ ከጫና ብዛት ዲስኮቹን ለሰከንድ ሲጥላቸው፣ ሲስተሙ ሁለቱም ዲስክ አንድ ላይ የጠፋ አድርጎ ነው የሚያየው።

ከመክፈልሽ በፊት ሱቁ ውስጥ እያለሽ ክዳኑን አስከፍቺና እነዚህን እዪ፦ የሳታ ወደብ ቁጥር፣ የሳታ የኃይል ኬብል ቁጥር፣ የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ቦታ። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ የራሳቸው ዓይነት ሶኬት ነው ያለው፤ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምበትም። ከዚያ አስነሺውና ባዮስ ግቢ። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ያ ኮምፒውተር ለሰርቨር አይሆንም። ከውጭ ቢሮ የወጡት ብዙዎቹ እንደተቆለፉ ነው የሚመጡት፤ መብራት ሲመለስ ተነሳ የሚለውን እንኳ ማብራት አትችዪም።

ራም 16 ጊጋባይት፣ ሲስተሙ የሚጫንበት 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ዲስኮቹ ሲዞሩ በጠቅላላው ከ25 እስከ 35 ዋት ውስጥ ይሆናል። ወደብ ካነሰሽ ኤኤስኤም1166 ቺፕ ያለበትን ባለ 6 ወደብ ካርድ ፈልጊ። አንድ ወደብ ለአምስት የሚያካፍለውን ርካሽ ካርድ ግን ተዪው።

ባለ_ሽቦው፦

> ራም 16 ጊጋባይት

ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም ለእያንዳንዱ ቴራ 1 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል የሚባለውን ሰምተሽ 32 እንዳትገዢ። ለቤት 16 ከበቂ በላይ ነው። ዲዱፕ የሚባለውን (ተደጋጋሚ ዳታ የሚያዋህደውን) ብቻ አታብሪ፣ ራም የሚጨርሰው እሱ ነው።

ዲስክ_መርማሪ፦

ዜድኤፍኤስ ይሁን ካልን አሠራሩን ልጻፈው፣ መጀመሪያ የተሳሳተ ኋላ የማይስተካከል አለበትና። ሁለቱ ዲስኮች በሚረር፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ። አሺፍት (የብሎክ መጠን መወሰኛው) 12 ብለሽ ስጪ፤ ዲስኩ ውስጡ በ4 ኪሎባይት እየሠራ በ512 ከተፈጠረ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ በኋላም ለመቀየር ሁሉንም አውጥቶ እንደገና መፍጠር ነው። ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ በሚለው ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥራቸው አስገቢ፤ ያኛው ስም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል። ኮምፕሬሽን ኤልዜድ4። ለቪዲዮው ለብቻው ዳታሴት (የራሱ ማስተካከያ ያለው ክፍል) ከፍተሽ የሪከርድ መጠኑን 1 ሜጋባይት አድርጊ፣ ለፎቶውም እንዲሁ ለብቻው። በወር አንዴ ስክራብ ይሂድ፤ እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ የተበላሸ ካገኘ ከሌላው ዲስክ ያስተካክላል። ቪኤችኤሱ ካሴት ራሱ እየተበላሸ ስለሆነ ያ ፋይል ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል፤ ለእሱ ስል ነው ዜድኤፍኤስ የምለው።

ባለ_ሽቦው፦

በፎቶውና በካሴቱ እስማማለሁ። በፊልሙ ግን አልስማማም። ተመልሶ የሚገኝ ፊልም በሁለት ዲስክ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በእጇ ካሉት ኤክስተርናሎች ደህና የሆነውን ሳታ ላይ ገጥማ፣ በተራው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም በኤክስት4 ፎርማት አድርጋ ፊልሙን እዚያ ብታደርግስ? ፊልም ሲበዛ መርጀርኤፍኤስና ስናፕሬይድ ትጨምራለች፤ የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች አንድ አድርጎ ያሳያል፣ ትልቁ ዲስክ ፓሪቲ (ዲስክ ሲበላሽ ፋይሉ የሚመለስበት ስሌት) ይሆናል፣ የሚታይበት ፊልም ያለበት ዲስክ ብቻ ነው የሚዞረው።

ዲስክ_መርማሪ፦

ለፊልም ይሁን። ስናፕሬይድን ግን ለፎቶ እንዳትሞክሪው፦ ፓሪቲው የሚሰላው ትእዛዙ በተሰጠበት ሰዓት ነው፣ በሌሊት አንዴ ከሆነ ቀን የገባው ፎቶ እስከ ሌሊት ጥበቃ የለውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ኖድ፦

ሰላም ለአዲስ አበባ። እህትሽ እዚህ ካለች ሁለት ነገር በእሷ በኩል ይቀልሻል።

የመጀመሪያው ዲስክ ነው። እዚህ በቅናሽ ጊዜ ኤክስተርናሉ ዲስክ ከውስጡ ካለው ባዶ ዲስክ ያነሰ ዋጋ ይኖረዋል። ሰው ሲመጣ አስይዛ ብትልክ፣ ሽፋኑን ከፍተሽ ውስጡን ታወጪያለሽ። ከዌስተርን ዲጂታል ኤለመንትስና ማይ ቡክ የሚወጡት አንዳንዶቹ በተራ ፓወር ሰፕላይ አይነሱም። የሳታው የኃይል ሶኬት ሦስተኛ እግር ላይ 3.3 ቮልት ሲደርሰው ዲስኩ ተዘጋ እንደተባለ ይቆጥረዋል። መፍትሔው ያንን እግር በካፕተን ቴፕ መሸፈን ነው፤ ተራ ፕላስተር ይለቃል። ሞሌክስን ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድም ይሠራል፣ ግን ጫፉ በፈሰሰ ፕላስቲክ የተደፈነውን አትጠቀሚ። ውስጡ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው ሲነካኩ እሳት የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው የሚታዩበትን ምረጪ። ሽፋኑ ከተከፈተ በኋላ ዋስትና ለማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ የዲስክ መርማሪን ፈተና ሳይከፈት በፊት በዩኤስቢ እዚሁ ትጨርስ።

ሁለተኛው ግንኙነቱ ነው። የራውተርሽን የውጭ አድራሻ እዪና አድራሻዬ ምንድን ነው ከሚሉት ገጾች ከአንዱ ጋር አስተያዪ። ካልተመሳሰሉ፣ በተለይ ራውተሩ ላይ ያለው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ተጋርቷል፤ ፖርት ብትከፍቺም ከውጭ የሚገባ የለም። ቢገባም ሰርቨሩን ለዓለም ክፍት አታድርጊ። ቴይልስኬል የሚባለውን የግል ኔትወርክ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ፣ በእህትሽም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ጫኚ። ዋየርጋርድ በሚባለው የተመሰጠረ ግንኙነት ነው የሚሠራው፣ ፖርት መክፈት አያስፈልግም። ሁለቱ ቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው በመካከል ባለ ማስተላለፊያ ያልፋል፣ ያኔ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ለፎቶ ይበቃል፣ ለፊልም ይከብዳል።

ፊልም ከውጭ ስታይ ወሳኙ የአንቺ የአፕሎድ ፍጥነት እንጂ የእሷ ዳውንሎድ አይደለም። ፊልሙን በሚያሳየው ነፃ ፕሮግራም፣ በጄሊፊን ውስጥ ለእሷ አካውንት የውጭ ቢትሬት በ4 ሜጋቢት ገድቢ፣ ሰርቨሩ አሳንሶ ይልክላታል።

ጄሊ_በአማርኛ፦

ጄሊፊን ከተነሳ፣ በአማርኛ ፋይልና ሰብታይትል ላይ የሚመጡትን ልጻፍ፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ላይ አታገኚያቸውም።

ሰብታይትል። ኤስአርቲ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ካልተቀመጠ ፊደሉ ተዘበራርቆ ይመጣል፤ ኖትፓድ ላይ ሴቭ አዝ ስትዪ ከታች ኢንኮዲንጉን ምረጪ። ቴሌቪዥኑ ሰብታይትሉን ራሱ ማሳየት ካልቻለ ሰርቨሩ ጽሑፉን ቪዲዮው ላይ ያትመዋል፤ ሊኑክሱ ላይ የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ከሌለ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኚ። ጄሊፊኑ በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በታጠረ ቦታ የሚያስሠራው) ከሆነ ፊደሉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ነው መግባት ያለበት፣ ዋናው ሲስተም ላይ መጫኑ አይጠቅምም። ለኤኤስኤስ ሰብታይትል ደግሞ ፕሌይባክ ከሚለው ማስተካከያ ውስጥ ተለዋጭ ፊደል የሚለውን አብርተሽ ፎልደሩን አሳዪው።

የፋይል ስም። ኤክስት4 እና ዜድኤፍኤስ ለአንድ ስም 255 ባይት ነው የሚፈቅዱት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ ከዚያ የረዘመ ስም እዚያ ይቀመጣል። የሙሽሮቹ፣ የወላጆቹና የአዳራሹ ስም ተደርድሮ የተጻፈበት የሠርግ ቪዲዮ ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ ስሙ ረዘመ ብሎ ይቆማል። ከመገልበጥሽ በፊት ስሞቹን አሳጥሪ።

ቀን። ስልክና ካሜራ ፎቶው ላይ የሚጽፉት በፈረንጅ ቀን ነው። ፎልደሩን በእኛ ዓመት ከሰየምሽው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉም ይዘበራረቃል። በፈረንጅ ቀን ጀምሪ፣ የእኛን ከኋላ ጻፊው፦ 2024-01-20 ጥምቀት 2016። ስም ስትጽፊም አንድ አጻጻፍ ያዢ፤ ፀሐይ ብለሽ ያስቀመጥሽውን ጸሀይ ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፣ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቃል ነው።

ቴሌቪዥኑ። ብዙ ስማርት ቴሌቪዥን የኬብል ወደቡ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ከፍተኛ ጥራት ያለው 4ኬ ፊልም በየመካከሉ ከዚያ ስለሚያልፍ ይቆራረጣል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብታገናኚው ይሻላል። ሰርቨሩ ግን በኬብል ይሁን፣ ስምንቱም ሽቦ በተገጠመበት። አራት ሽቦ ብቻ ከተገጠመ 100 ላይ ይቆማል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነውን ኬብልም ተጠንቀቂ፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ስታደርጊው ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው።

ዶከር ላይ ሃርድዌሩ እንዲሠራ የኢንቴሉን ግራፊክስ ለኮንቴይነሩ ማሳለፍና ተጠቃሚውን ሬንደር የሚባለው ቡድን ውስጥ ማስገባት አለብሽ። መሥራቱን ለማረጋገጥ ስልክ ላይ ጥራቱን ዝቅ አድርገሽ አጫውቺ፤ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ከነካ ግራፊክሱ አልተያዘም። የጄሊፊን አቻ የሆነው ፕሌክስ ይህን የሚሰጠው ለሚከፍል ነው፣ ከሚያዝያ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የራስን ቪዲዮ ከቤት ውጭ ማየትም ክፍያ አለው። ለዚህ ቤት ጄሊፊን ነው የሚሻለው። ለፎቶው ኢሚች የሚባለውን የፎቶ ማስቀመጫ ፕሮግራም ጫኚ፤ ዳታቤዙ ዲስኮቹ ላይ ሳይሆን ኤስኤስዲው ላይ ይሁን።

የቤት_ማኅደር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያወጣሁት እቅድ ይህ ነው፣ አርሙልኝ። ዩኤስቢ ያለው ላይን ኢንተራክቲቭ ዩፒኤስ። ታወር ከአይ5-8500 ጋር፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ። ሁለት 8 ቴራ ሲኤምአር በዜድኤፍኤስ ሚረር፣ ለፎቶና ለካሴት። ፊልሙ ካሉኝ ዲስኮች አንዱ ላይ በኤክስት4። ዴቢያን፣ ጄሊፊንና ኢሚች በዶከር፣ ቴይልስኬል። ሚረር ስለሆነ ሁለት ቅጂ አለኝ ማለት ነው አይደል?

ጋሼ_ፋይበር፦

አይደለም ልጄ። ሚረር ዲስክ ሲበላሽ ነው የሚያድንሽ። አንዱ ላይ የተሰረዘ ፎቶ በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛል፤ ሳጥኑ ቢሰረቅ ወይም መብረቅ ቢመታው ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስናፕሾት (ፋይሎቹ በዚያ ቅጽበት የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዘውን) በየቀኑ ውሰጂ፣ 30 ቀን ያህል አቆዪ፤ እሱ ከስህተት መሰረዝ ያድንሻል። ሌላ ቅጂ ግን ከቤት ውጭ መኖር አለበት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ኖድ፦

ያ ቅጂ እህትሽ ቤት ይሁን። በኢንተርኔት እጀምራለሁ ካልሽ፣ 10 ሜጋቢት አፕሎድ ሳያቋርጥ ቢሠራ 3 ቴራ 28 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በአንድ ኤክስተርናል ላይ ሬስቲክ በሚባለው የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም ገልብጪና ወደዚህ በሚመጣ ሰው ላኪው። ሬስቲክ ስለሚመሰጥረው መንገድ ላይ ቢጠፋም የሚከፍተው የለም። የይለፍ ቃሉን ግን ሰርቨሩ ላይ ብቻ አታስቀምጪ፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አንዱን አንቺ፣ አንዱን እሷ ያዙት። ያ ቃል ከጠፋ ቅጂው የለም ማለት ነው። ዲስኩ እዚህ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ከዚያ በኋላ የሚተላለፈው አዲስ የገባው ብቻ ነው፣ ሌሊት ሌሊት።

ዲስክ_መርማሪ፦

ሁለት ቀሪ ነገር። የኢሚች ዳታቤዝ ኤስኤስዲው ላይ ስለሆነ ሬስቲኩ ውስጥ እንዳይረሳ። ፎቶዎቹን ብቻ ከመለስሽ አልበሞቹና የሰዎቹ ስም አይመለሱም። ዳታቤዙን እየሠራ እያለ ፎልደሩን መገልበጥ አይሆንም፤ በየሌሊቱ ወደ አንድ ፋይል አውጥተሽ ያንን ፋይል ነው የምትልኪው።

ለጄሊፊንም የቪዲዮውን ፎልደር በንባብ ብቻ ስጪው። አለዚያ ከቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ መሰረዝ የሚቻል ይሆናል።

የቤት_ማኅደር፦

ሁለቱንም እቅዱ ውስጥ አስገብቻለሁ። ዩፒኤሱን ከሁሉ አስቀድሜ እገዛለሁ፤ የዲስኮቹን የሞዴል ቁጥር ከመክፈሌ በፊት እዚህ እለጥፋለሁ፣ እዩልኝ።

ዲስክ_መርማሪ፦

ለጥፊ፣ አያለሁ። ሁለቱን ዲስክ ከተቻለ ከተለያየ ሱቅ ግዢ። ተከታታይ መለያ ቁጥር ያላቸው በአንድ ካርቶን ሲመጡ አንዴ ወድቀው ከሆነ አብረው ነው የወደቁት።